የዳውንሪገር ክብደት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ዳውንሪገር፣ መንጠቆን በክብደት ወደ ጥልቅ ውሃ ስለሚያወርደው የጀልባ መሣሪያ፣ ለጀማሪዎች ሲያስረዳ ሰማሁ። «የመሣሪያው ቆጣሪ 40 ሜትር ካለ መንጠቆህ 40 ሜትር ላይ ነው። ካልሆነም ክብደቱን እጥፍ አድርገው፣ ትደርሳለህ» ይላል። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። ሰው ዓሣው ከሚውልበት በላይ መንጠቆ እየጎተተ ቀኑን የሚጨርሰው በዚህ ስህተት ነው።

ጀልባው እየሄደ መንጠቆውን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለማቆየት ከመሣሪያው በሽቦ የሚወርድ እርሳስ ወይም ብረት አለ። የዳውንሪገር ክብደት የሚባለው እሱ ነው። የማጥመጃው ክር እዚያው በመቆንጠጫ ይያዛል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ይላቀቃል፣ ከዚያ ትግሉ በዘንጉና በዓሣው መካከል ብቻ ነው። ይህ ብዙ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው የወጣውን ሽቦ ርዝመት ነው፣ ጥልቀት አይቆጥርም። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ሽቦው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ ነው። ጀልባ እየሄደ ደግሞ ሽቦ ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ግንበኛ ቱምቢ ሲጥል አስቡት። ነፋስ ከሌለ ሲባጎው ቀጥ ይላል። ነፋስ ሲመጣ ያጋድላል። ብዙ ሰው ነፋሱ የገፋው ቱምቢውን ይመስለዋል። ከፎቅ አናት የወረደ ቱምቢ ከሆነ ግን ይበልጥ የሚገፋው ረጅሙ ሲባጎ ነው። አሁን በነፋሱ ቦታ ውሃ አድርጉ። ግንበኛውም ቱምቢውን እንዳንጠለጠለ ይራመድ። የእኛ ሥራ ይኸው ነው። ግንበኛ ቱምቢው አልረጋ ሲለው ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያረጋዋል። እኛ ያ ዕድል የለንም፣ የሚገፋን ራሱ ውሃው ነውና።

ቁጥሩን እንየው። 4.5 ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ ከዳር እስከ ዳር 9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለውሃው የሚሰጠው ፊት 65 ስኩዌር ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። 1 ሚሊሜትር የሚወፍር 30 ሜትር ሽቦስ? 300 ስኩዌር ሴንቲሜትር። ቀጭን ስለሆነ ዓይን ይንቀዋል፣ ውሃው ግን አይንቀውም። ሰዎች ስለ ኳሱ ቅርጽ፣ ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ ሲከራከሩ ይውላሉ። ስለ ሽቦው ውፍረት የሚጠይቅ የለም። እኔ ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ክብደት መጨመር ይረዳል፣ አልክድም። ግን የውሃ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በሰዓት ከ3 ኪሎሜትር ወደ 4.5 ከፍ ስትሉ ግፊቱ 2.25 እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ያደረጋችሁት ክብደት እዚያው ተበላ ማለት ነው። ጥልቀት ፍለጋ ሽቦ ስትጨምሩ ደግሞ የሚገፋውም ሽቦ አብሮ ይጨምራል።

ፍጥነት ስል የጂፒኤሱን አይደለም። ጂፒኤስ የሚነግራችሁ መሬትን ተመርኩዞ ነው። ኳሱን የሚገፋው በዙሪያው ያለው ውሃ ነው፣ የታችኛው ጅረት ደግሞ ከላይኛው በተለየ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ስንት ኪሎ? በየ3 ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚል የቆየ ልማድ አለ። ለመነሻ መጥፎ አይደለም፣ ግን ፍጥነታችሁን አያውቅም። እኔ የማየው ሽቦው ውሃውን የሚነካበትን ቦታ ነው። 40 ሜትር ሽቦ ወጥቶ ከቀጥታ መስመር 30 ዲግሪ ካጋደለ፣ በተራ ሒሳብ ጥልቀቱ 34.5 ሜትር ገደማ ነው። 45 ዲግሪ ከሆነ 28 ሜትር። ሽቦው ግን ጎበጥ ያለ ነው፤ ወደ ኳሱ ሲጠጋ ቀጥ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ እውነተኛው ጥልቀት ከዚህ ሒሳብ ትንሽ ይበልጣል። ከ30 ዲግሪ ካለፈብኝ ወይ ክብደት እጨምራለሁ ወይ ፍጥነት እቀንሳለሁ።

ጀልባው ሲታጠፍ ሽቦዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። በውስጠኛው ጎን ያለው ሽቦ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ቀጥ ይላል፣ ኳሱም ይሰምጣል። የውጭኛው ያጋድልና ኳሱ ይነሳል። ሞተሩን ማንም አልነካም፣ ኳሱንም የቀየረ የለም። ጥልቀቱ ግን ተቀየረ። የውሃው ግርጌ ቅርብ ከሆነ የውስጠኛው ኳስ ድንጋይ ሊይዘው ስለሚችል ከመታጠፋችሁ በፊት ትንሽ ሽቦ ጠቅልሉ።

ብረት ወይስ እርሳስ ለሚለው፣ ውሃ ከእርሳስ ክብደት 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ከብረት ደግሞ 13 በመቶ ገደማ። ብረቱ ለእኩል ኪሎ ይገዝፋል፣ ስለዚህ ይበልጥ ይገፋል። እርሳስ ግን መርዛማ ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነውን ያዙ፣ ከነካችሁት እጃችሁን ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ።

9 ኪሎ ከማንጠልጠላችሁ በፊት ደግሞ የዳውንሪገሩ ክንድና ጀልባው ላይ የታሰረበት ቦታ ስንት ኪሎ እንደሚችሉ አረጋግጡ። ማዕበል ላይ ከውሃ የወጣ ኳስ እንደ መዶሻ ይወዛወዛል፣ ጣትም የጀልባ ጎንም ይሰብራል። ቆጣሪውን ዜሮ የምታደርጉት ኳሱ የውሃውን ፊት ሲነካ ነው። ጀልባውን አቁማችሁ ኳሱን እስከ ውሃው ግርጌ አውርዱና ቁጥሩን ጥልቀት በድምፅ ከሚለካው ሶናር ጋር አስተያዩት። ቆማችሁም ቁጥሩ ካልገጠመ ስህተቱ ቆጣሪው ላይ ሊሆን ስለሚችል ኪሎ ለመጨመር አትቸኩሉ።