ቦትልኔክ ምንድን ነው? ኮምፒውተር በአቅም ስናስገጥም ገንዘቡ የት ይግባ?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ሥራው የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ሁለት ዓመት ቆጥቦ ዴስክቶፕ አስገጥሟል። «ካርዱን የተበላሸ ነው መሰለኝ የሸጡልኝ። እስቲ መጥተህ እየው» አለኝ። ድምፁ ልብ ይበላ ነበር።

ሄጄ አየሁት። ካለው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የወጣው ለግራፊክስ ካርዱ፣ ምስሉን ለሚስለው ዕቃ፣ ነው፤ ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060። ጥሩ ካርድ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ማዘርቦርዱ ቢ450። ራሙ፣ ማለትም እየተሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ፣ ግን አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ብቻ። ፋይሎቹ ሁሉ፣ ዊንዶውሱም ሳይቀር፣ የተቀመጡት አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኤዲት የሚያደርግበትን ፕሮግራም፣ ፕሪሚየርን፣ ከፍቶ ቪዲዮውን ሲያጫውተው ሙሽራዋ ከመኪና ለመውረድ አንድ እግሯን እንዳነሳች ምስሉ ስታክ ያደርጋል። ሦስት ሰከንድ ያህል ይቆማል። ከዚያ ዘልሎ አዳራሹ በር ላይ ያደርሳታል። መሀል ላይ እልልታው የለም፣ አበባው የለም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን፣ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደተጠመደ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ከፈትኩ። ግራፊክስ ካርዱ 6 ከመቶ። ፕሮሰሰሩ 20 ከመቶ ገደማ። ራሙ 94 ከመቶ። ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ወጥቶ ንቅንቅ አይልም። ካርዱ ምንም አልሆነም። ሥራ የሚያቀብለው አጥቶ ቁጭ ብሏል።

ቦትልኔክ የሚባለው ይሄ ነው። በእኛው ቃል ማነቆ። አንዱ ዕቃ ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ሲያስቆም ማለት ነው። ግቢያችሁ ውስጥ 2000 ሊትር ሮቶ ተሰቅሎ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ ግማሽ ኢንች ከሆነ፣ ሮቶውን በ5000 ሊትር ብትቀይሩት ሻወሩ ላይ የሚወርደው ውሃ አይጨምርም። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ሥራው ከዲስክ ወደ ራም፣ ከራም ወደ ፕሮሰሰር፣ ከዚያ ወደ ግራፊክስ ካርድ፣ በመጨረሻም ወደ ሞኒተር ይተላለፋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የጠበበው ቦታ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር ማነቆ የሚፈጠረው አንድ ዓይነት ስህተት ስለምንሠራ ነው። ስሙ የገነነውን ዕቃ መጀመሪያ እንገዛለን፤ የተረፈውን ሳንቲም ለቀሪው እናካፍላለን። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ሥራችሁን እወቁ። ሥራው በየትኛው ዕቃ በኩል እንደሚያልፍ እዩ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ አካፍሉ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ማነቆ የሌለው ኮምፒውተር የለም። የቱንም ያህል ብታወጡ አንዱ ዕቃ ከሌላው ቀድሞ ይሞላል። ጥያቄው ማነቆው ይኑር አይኑር ሳይሆን የት ይሁን ነው። ጌም ለሚጫወት ሰው ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ብዙ ብር የወጣበት ዕቃ ሙሉ አቅሙን እየሠራ ነው ማለት ነዋ። ካርዱ 50 ከመቶ ላይ ተኝቶ ፕሮሰሰሩ የሚያለከልክ ከሆነ ግን የካርዱ ግማሽ ዋጋ በከንቱ ሄዷል።

ወደ የአክስቴ ልጅ ዲስክ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የእሱ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው የሚቀርጸው። ይህ 12.5 ሜጋባይት ነው። ደህና ሃርድ ዲስክ ደግሞ ተከታታይ ፋይል በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ያነባል። ታዲያ ለምን ያቆመዋል? ራሙ ስለሞላ ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋል። ዲስኩ አሁን የሠርጉን ቪዲዮ ያነባል፣ የራሙን ትርፍ ይጽፋል፣ ፕሪሚየር የሚያስቀምጣቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች ይይዛል፣ የዊንዶውሱንም ጣጣ ይሸከማል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚያነብ ክንድ አለ። 7200 ዙር በደቂቃ የሚለው ዲስክ አንዴ ለመዞር ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ክንዱ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየዘለለ ሲፈልግ በሰከንድ መቶ ያህል ፍለጋ ነው አቅሙ። ኤስኤስዲ የሚባለው በቺፕ የሚሠራ ማስቀመጫ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። በሰከንድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፍለጋ ይወጣዋል። ስለዚህ ጆሯችሁን ወደ ኬዙ ስታስጠጉ ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ከሰማችሁ፣ ክንዱ እየባዘነ ነው።

በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር የሚያስገጥም ሰው፣ ገንዘቡ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ዊንዶውሱን ሃርድ ዲስክ ላይ አይጫን። ሃርድ ዲስኩ ያለቁ ሥራዎች ማስቀመጫ ይሁን። በሰከንድ 7000 ሜጋባይት የሚለውን ኤስኤስዲ ግን መግዛት የለባችሁም። በሳታ ገመድ የሚሠራው፣ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚያነበው እንኳን፣ ከሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ሌላ ዓለም ነው። የተረፋችሁን ብር ራም ላይ አውሉት።

ራም ላይ ደግሞ ከመጠኑ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ራሙን በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ማንበብ ይችላሉ። ዲዲአር4 3200 አንድ ብቻ ሲሰካ ጣሪያው በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ነው፤ ሁለት ሲሰካ 51.2። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል። አራት ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው፤ የቦርዱን መመሪያ እዩ። ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ባለ ፕሮሰሰር ውስጥ አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ለሚጠቀሙ ይህ ነገር ሞት ሽረት ነው። ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚበላው ከዚያው ከራሙ ነው። አንድ ራም ብቻ ሲሰካለት ጌሙ ሲንቀራፈፍ ዓይናችሁ ያያል።

ነፃ የሆነም አለ። 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ካልተከፈተ በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ስንት ሰው የከፈለበትን ፍጥነት ሳያገኝ ዓመታት ይኖራል! ገብታችሁ አብሩት።

አንዳንዴ ማነቆው ዕቃው ውስጥ ሳይሆን በዕቃዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ይደበቃል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 መጀመሪያ ኤኤምዲ ያወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋጋው ለብዙዎች የሚደፈር ካርድ ነው። ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ካርዶች 8 ወይም 16 አላቸው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት መንገድ) 4ኛ ትውልድ ያለው ቦርድ ላይ እነዚህ 4 መስመሮች በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋሉ። 3ኛው ትውልድ ያለው ቦርድ ላይ ግን ግማሹን። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ በዚያችው ጠባብ መንገድ ከዋናው ራም መለመን ይጀምራል። ርካሽ ካርድ የሚገዛው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ቦርድ ያለው ነው። ካርዱ በጣም የሚቸገረው በጣም በሚፈልገው ሰው ቤት ሆነ ማለት ነው። 5600ጂም ሆነ ቢ450 ከ3ኛው ትውልድ አያልፉም። በዚያ ላይ ካርዱ ቪዲዮ ኤክስፖርት የሚያደርግ የራሱ ክፍል የለውም፤ ለሠርግ ቤት ጭራሽ አይሆንም።

ታዲያ ማነቆውን እንዴት እናግኘው? ከታስክ ማናጀር የተሻለ ጓደኛ የለም። የምትሠሩትን ሥራ እየሠራችሁ ክፈቱት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ኮምፒውተር ምንም አይነግራችሁም። ጌም ላይ ግራፊክስ ካርዱ 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ማነቆው እሱ ነው፤ መልካም። ከዚያ በጣም ካነሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ፕሮሰሰሩን ስታዩ ግን ተጠንቀቁ። 6 ኮርና 12 ክር (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ባለው ፕሮሰሰር አንዱ ክር ብቻ ጢም ብሎ ቢሞላ ጠቅላላው የሚያሳየው 8 ከመቶ ነው። «8 ከመቶ? ፕሮሰሰሬማ ዘና ብሏል» ትላላችሁ። ያ አንድ ክር ግን መተንፈሻ አጥቷል። ግራፉ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ጌም ላይ ሌላም መፈተኛ አለ። ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም የምስሉን የነጥብ ብዛት፣ ዝቅ አድርጉት። ፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚወጣው ምስል፣ ከጨመረ ካርዱ ነበር የታነቀው። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። ምክንያቱም 4ኬ ምስል 8.3 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ ፉል ኤችዲ ደግሞ 2.1 ሚሊዮን ገደማ። ነጥብ የሚስለው ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያስበው ግን ማን የት እንደቆመ ነው፤ ስዕሉ ቢያንስም ቢበዛም ለእሱ ያው ነው። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ የሁለት ዕቃ ስም ስታስገቡለት «ማነቆው ይህን ያህል ከመቶ ነው» የሚለውን ሒሳብ የማላምነው። ማነቆ ከሥራው ጋር ቦታውን ይቀያይራል። አንድ ቋሚ ቁጥር የለውም።

ሞኒተሩንም አትርሱት። 60 ኸርዝ የሚለው ሞኒተር በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚያሳየው። 140 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ገዝቶ እዚያ ላይ መሰካት የመጨረሻው ማነቆ ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ድርሻውን ግን መናገር እችላለሁ። ለጌም ከሆነ ከሣጥኑ ጠቅላላ ዋጋ 40 ከመቶ ያህሉ ለካርዱ ቢሄድ አይበዛበትም። ለቪዲዮ ከሆነ ከዚያ ቀንሳችሁ ለራምና ለኤስኤስዲ ስጡ፤ 32 ጊጋባይት ራም ለ4ኬ ሥራ ቅንጦት አይደለም። ለሒሳብ ሥራ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ግራፊክስ ካርድ አትግዙ። ምንም።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ገዝቶ ማሳደግም በአቅም ለሚሠራ ሰው ጥሩ መንገድ ነው። ማነቆው ግን ፓወር ሰፕላዩ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች የፓወሩ መሰኪያ የራሳቸው ስለሆነ ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር አይገጥምም። ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድም ብዙ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ የሚበላ፣ ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ ነው የሚፈለገው፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ለዚህ ይመቻል። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ አጭሩን ካርድ ጠይቁ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ በታች አትውረዱ። ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

አዲስ ለሚያስገጥሙም ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። ሌላው ዕቃ ሲያንስ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፓወር ሲያንስ ግን ድርግም ነው። አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት ይበላል፤ ለእንደዚህ ያለ ኮምፒውተር እውነተኛ 550 ዋት ይበቃል። «እውነተኛ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። 750 ተብሎ ተለጥፎበት በእጅ ሲይዙት ላባ የሚያህል ፓወር አለ፤ እሱን አትንኩ። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት ደግሞ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከበጀቱ ውስጥ አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

የአክስቴ ልጅ ካርዱን ሊመልስ ሻጩ ጋር ሊሄድ ነበር። አስቀረሁት። አንድ ቴራባይት ኤስኤስዲና ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ራም ገዛን፤ ተደምሮ ከካርዱ ዋጋ ግማሽ አልሞላም። የድሮዋን ባለ 8 ራም ሸጣት። ሃርድ ዲስኩ ያለቁ ሠርጎች ማስቀመጫ ሆነ። ያንኑ ቪዲዮ ከፈትነው። ሙሽራዋ እግሯን አነሳች፣ አወረደች፣ ሚዜዋ ቀሚሷን ሰበሰበችላት፣ እልልታው ቀለጠ።

ኤክስፖርት ሲያደርግ እንደገና ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ዲስኩ 4 ከመቶ። አሁን 100 ከመቶ ላይ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው። ባዮሱን ካዘመነ ያው ቢ450 ባለ 8 ኮሩን ራይዘን 7 5700ኤክስ ስለሚቀበል ማዘርቦርድ መቀየር አያስፈልገውም። «ለሚቀጥለው ጥር ሠርግ ይደርሳል» ብሎ ዕቁብ ገብቷል።