ኮግኒቲቭ ሪዘርቭ ምንድን ነው?

«አእምሮህን ካሠራኸው አልዛይመር አይነካህም፤ ኮግኒቲቭ ሪዘርቭ ማለት ይኸው ነው» የሚል ምክር ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁ። ተናጋሪው ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ኮግኒቲቭ ሪዘርቭ፣ የአእምሮ መጠባበቂያ አቅም እንበለውና፣ በሽታውን አይከላከልም። እንዲያውም ሐሳቡ የመጣው በሽታው አንጎላቸው ውስጥ ከተገኘባቸው ሰዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 የነርቭ ሐኪሙ ሮበርት ካትዝማንና ባልደረቦቹ በመጦሪያ ተቋም ይኖሩ የነበሩ 137 አረጋውያንን አንጎል ከሞታቸው በኋላ መርምረው አንድ ጥናት አወጡ። አሥሩ አንጎላቸው ውስጥ የአልዛይመር መለያ የሆነው፣ አሚሎይድ የሚባለው የፕሮቲን ክምችት በብዛት ታይቷል፤ በሕይወት ሳሉ ግን አእምሯቸው ደህና ነበር። እንቆቅልሹ ይህ ነው፦ ጉዳቱ ካለ ምልክቱ የት ሄደ?

አንጎልን እንደ ከተማ መንገድ እንየው። በሽታው መንገዶቹን አንድ በአንድ ይዘጋል። አቋራጭ የሚያውቅ ሹፌር ዋናው መንገድ ቢዘጋበትም በሌላ ዞሮ በሰዓቱ ይደርሳል፤ አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቀው ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል። የመጀመሪያው በሰዓቱ ስለደረሰ መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው ማለት ታዲያ አይቻልም። የመንገዶቹ ብዛት፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሳትና የግንኙነቶቻቸው መጠን፣ ብሬን ሪዘርቭ ይባላል። አስፋልቱ ሳይቦረቦር መቆየቱ ብሬን ሜንቴናንስ ነው። ኮግኒቲቭ ሪዘርቭ የሹፌሩ ብልሃት ነው፤ ማለትም አንጎል ጉዳት እያለበትም በሌላ መንገድ ሥራውን የመሥራት ችሎታው። መካሪያችን ስለ አስፋልቱ እያወራ ሹፌሩን ያመሰግናል። (ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ አንጎል ውስጥ ሹፌሩም መንገዱም የተሠሩት ከአንድ ነገር ነው፣ ሁለቱን ለይቶ መለካትም ከባድ ነው።)

«ታዲያ የተማሩ ሰዎች ለምን ያነሰ ይታመማሉ?» ይለኛል መካሪያችን። የመርሳት ችግር ያነሰ ይታይባቸዋል፣ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 872 የተለገሱ አንጎሎችን የመረመረ ጥናት ብዙ ዓመት የተማሩት ሰዎች አንጎል ውስጥ ያነሰ የበሽታ ጉዳት አላገኘም። ልዩነቱ ያው ጉዳት በኑሯቸው ላይ ያመጣው ችግር ላይ ነበር። በዚያ ላይ የትምህርት ዓመት ራሱ ሪዘርቭ አይደለም፤ ሪዘርቭን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለን የምንጠቀምበት ምትክ ነው። የልጅነት አመጋገብ፣ የቤተሰብ ገቢና ሕክምና የማግኘት ዕድል ሁሉ አብረውት ይመጣሉ።

አእምሮን ያሠራል እየተባለ የሚመከረው የቃላት ጨዋታም ነገር እንዲሁ ነው። ጨዋታ የሚያዘወትሩ አረጋውያን ያነሰ ቢታመሙ፣ ምናልባት ጨዋታው ጠቅሟቸዋል፤ ወይም ሌሎቹ ጨዋታውን የተዉት በሽታው ውስጥ ውስጡን ስለጀመራቸው ነው። አልዛይመር ምልክት ከማሳየቱ በፊት አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት አንጎል ውስጥ ይቆያል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ምክንያት አይደለም ብሎ በቀላሉ መደምደም አይቻልም። የሚወድ ይጫወት፣ እኔም እጫወታለሁ።

መካሪያችን ጨርሶ የማያነሳው ግን አለ። ተመራማሪው ያኮቭ ስተርንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 የሕመማቸው ደረጃ እኩል የሆኑ የአልዛይመር ታካሚዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ብዙ የተማሩት አንጎል በበሽታው በሚጠቃው ክፍል የደም ፍሰቱ ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። እኩል የታመሙ የሚመስሉት፣ ውስጣቸው ሲታይ እኩል አልነበሩም። ምልክቱ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ ለእነሱ ይፈጥናል። አቋራጮቹ አንድ በአንድ አልቀው የመጨረሻው ሲዘጋ፣ ቀድሞውኑ የቀረ መንገድ የለም። ቤተሰብ «አምና እኮ ደህና ነበሩ!» ብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ክሊኒክ ውስጥም ጣጣ አለው። በተለመደው የ30 ነጥብ የማስታወስ ፈተና 28 ያመጡ መምህር «ምንም የለብዎትም» ተብለው ይሸኙ ይሆናል፤ ፈተናው ግን ለእሳቸው ድሮም ቀላል ነበር። ትምህርት ያላገኙ እናት ደግሞ ሳይታመሙ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣሉ፤ ፈተናው ማንበብና መጻፍም ይጠይቃላ። ለሁለቱም ይበልጥ የሚረዳው የዛሬውን ችሎታቸውን ከራሳቸው የቀድሞ ችሎታ ጋር ማስተያየት ነው፦ ሒሳብ ያለ ወረቀት ይሠሩ የነበሩት ዛሬም ይሠራሉ? ለዚህ የቅርብ ቤተሰብን መጠየቅ፣ ከወራት በኋላም ፈተናውን መድገም ያስፈልጋል።