የካርታ ምትሃት እና የእጅ ጥበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ለተሰበሰቡ ሰዎች የካርታ ምትሃት ማሳየት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሙያውን ለመማር የሚመጡ ወጣቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመሳሳይ የተሳሳቱ ግምቶችን ይዘው ይመጣሉ፤ እነዚህ ግምቶች የወራት ልፋታቸውን ስለሚያባክኑባቸው አንድ በአንድ ማረም ያስፈልጋል።

ከሁሉም ሥር የሰደደው «እጅ ከዓይን ይፈጥናል» የሚለው ነው። ይህን የሚያምን ተማሪ ሁለት ካርታን እንደ አንድ አድርጎ ማንሳትን ሲለማመድ ዋና ጭንቀቱ መፍጠን ይሆናል። እውነታው ግን ዓይን ድንገተኛ እንቅስቃሴን ለመያዝ እጅግ የነቃ መሆኑ ነው። በዝግታ ሲንቀሳቀስ የቆየ እጅ ሳይታሰብ ከፈጠነ፣ ተመልካቹ ምን እንደተደረገ ባያውቅም አንድ ነገር መደረጉን ያውቃል፤ ምትሃቱም በዚያች ቅጽበት ያበቃለታል። ስለዚህ መመዘኛው ፍጥነት ሳይሆን መመሳሰል ነው፦ ሁለቱ ካርታ የሚነሳበት አኳኋን አንዱ ከሚነሳበት አኳኋን በምንም ሊለይ አይገባም። ለዚህ የምሰጠው ልምምድ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንድ ካርታ ብቻ፣ ያለ ምንም ምስጢር፣ ሃያ ጊዜ ይገለበጥ፤ አውራ ጣት የት እንዳረፈ፣ ትከሻ ላልቶ እንደነበር፣ ዓይን ወዴት እንዳየ ይስተዋል። ከዚያ በኋላ ምስጢራዊው እንቅስቃሴ ያንኑ እስኪመስል ድረስ በዝግታ ይቀረጽ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፣ ምስጢሩን አስቀድመው ከተማሩ በኋላ ተፈጥሯዊ ለማስመሰል ስለሚታገሉ ነው።

አርጀንቲናዊው የካርታ ምትሃተኛ ሬኔ ላቫንድ (እ.ኤ.አ. 1928–2015) በልጅነቱ ቀኝ እጁን በአደጋ አጥቶ በግራ እጁ ብቻ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ዝናን ካተረፉለት ነገሮች አንዱ ያንኑ ጨዋታ እየደጋገመና ይበልጥ እየዘገየ ማሳየቱ ነው። እርሱ «ረጅም ጣት የሌለው ሰው ካርታ አይሆንለትም» ለሚሉትም መልስ ነው። የተለመደው የምትሃት ካርታ ወርዱ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለትንሽ እጅ ደግሞ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው አለ።

«መስታወት ፊት መለማመድ ይበቃል» የሚለው ግምት ግማሽ እውነት አለው። መስታወት እጅ ከፊት ለፊት ላለ ተመልካች እንዴት እንደሚታይ ያሳያል፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪ ምስጢሩ በሚፈጸምባት ቅጽበት ሳያውቀው ዓይኑን ስለሚጨፍን የራሱን ስሕተት አያይም። በስልክ ካሜራ የተቀረጸ ምስል ግን አይጨፍንም። መስታወት ከፊት ብቻ የሚያሳይ መሆኑም ሌላ ጉድለት ነው፤ በእኛ አገር ሰው በረከቦቱ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ነው ቡና የሚጠጣው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ስሠራ በጎኔ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ሁለት ናቸው እኮ» አሉኝ፤ ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዱም አላየም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራውን በግራም በቀኝም አስቀምጣለሁ፤ ከተቻለም ግድግዳን ከጀርባዬ አድርጌ እቀመጣለሁ።

ትኩረትን ማዘናጋት ማለት «እዚያ ተመልከቱ» ማለት የሚመስላቸውም አሉ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ጥርጣሬን ብቻ ይቀሰቅሳል። ተመልካች ባለሙያው ወደሚያየው ያያል፤ ስለዚህ ቀና ብሎ የሰውን ዓይን እያዩ ከልብ መጠየቅ የተመልካቹን ዓይን ከእጅ ያነሳል። ከሳቅ በኋላ ያለችው ቅጽበትም እንዲሁ ናት፤ ሁሉም ሲላላ ምስጢሩ በእርጋታ ይፈጸማል።

«ጨዋታ ፈጽሞ አይደገምም» የሚለው ለጀማሪ ጥሩ ጥበቃ ቢሆንም ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 በቺካጎ የካርታ ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን፣ ማንኛውንም ጨዋታ ሦስት ጊዜ ካየ ምስጢሩን እንደሚደርስበት ይናገር ለነበረው ለዝነኛው ምትሃተኛ ለሃሪ ሁዲኒ አንዱን ጨዋታ ደጋግሞ ቢያሳየውም ሁዲኒ ሊደርስበት አልቻለም። ለጀማሪ የምመክረው ወደ አንድ ውጤት የሚያደርሱ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መንገዶች እስኪኖሩት ድረስ እንዳይደግም ነው።

የመጨረሻው አመለካከት ምትሃትን ከድግምት ወይም ከቁማር ጋር የሚያምታታው ነው፤ እኔንም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። በየመንገዱ «ቀይዋን ያየ» እያሉ በሦስት ካርታ የሚያጫውቱት ሰዎች ከእኛ ጋር የእጅ ጥበብ ይጋራሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ተመልካች መስለው ከቆሙ ግብረ አበሮች ጋር ሆነው የሰውን ገንዘብ ይወስዳሉ። ለዚህም ነው ተማሪዎቼ ካርታ መበወዝ ከመጀመራቸው በፊት የሚያሳዩት የእጅ ሥራ መሆኑን ጮክ ብለው እንዲናገሩ፣ በካርታው ላይ አንድ ብርም እንዳያስይዙ የማስጠነቅቃቸው።