«ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ፣ የመፃጉዕን ሰንበት፣ በሰላም አሳልፈናል፤ አምላከ ቅዱሳን ይመስገን። ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳችን በሰንበት ትምህርት ቤት የዕለቱን ወንጌል ስናነብ አንዲት እኅት እጇን አወጣች። «በመጠመቂያዋ ዙሪያ የተኙት ብዙ በሽተኞች ነበሩ። ጌታችን ለምን አንዱን ብቻ ፈወሰ? የቀሩትስ ምን በደሉ?» አለች። ከኋላ አንድ ወንድም «በእግዚአብሔር ሥራ አይገባም» ብሎ ሊያስቆማት ሞከረ።

ለምን ያስቆማታል? እኅታችን ቤት አባቷ ለዓመታት ተኝተዋል። ጥያቄዋ የክህደት ጥያቄ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ከታማሚ አጠገብ የሚያድር ሰው እንዲህ ይጠይቃል። ዳዊትም «አቤቱ፣ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጸልዮአል። ቤተ ክርስቲያን ያንን ጸሎት አልሰረዘችበትም፤ እስከ ዛሬ ትደግመዋለች።

እስቲ ወንጌሉን ቀስ ብለን እንየው። ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ ነበረች። ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለባቸው ሁሉ የውኃውን መናወጥ እየጠበቁ እዚያ ይተኛሉ። ከመካከላቸው 38 ዓመት የታመመ አንድ ሰው ነበረ፤ መፃጉዕ የምንለው እርሱን ነው። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ራሱ ወልዶ ልጁን የሚያሳድግበት ዕድሜ ነው። ጌታችን «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። መልሱን አስተውሉ። «ጌታ ሆይ፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም፤ ነገር ግን እኔ ስመጣ ሳለሁ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል» አለ።

ወገቤን፣ ጉልበቴን አላለም። ስለ በሽታው አንድ ቃል አልተናገረም። 38 ዓመት ተኝቶ ከሁሉ በላይ ያመመው ሰው ማጣቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱ በአጠገቡ አለፈ? ስንቱ ድኖ እየዘለለ ወደ ቤቱ ገባ? ከዳኑት መካከል አንዱ ተመልሶ መጥቶ «ና እኔ ልያዝህ፣ ዛሬ ያንተ ተራ ነው» ቢለው ኖሮ ይህን አይናገርም ነበር። ይህን ክፍል ባነበብኩት ቁጥር ሆዴን ያባባኛል። የዳነው ያልዳነውን ረስቶት ሄደ።

እኛም ጋ ይኸው ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስንት የጠበል ቦታ አለን። ሸንኮራ ዮሐንስ አለ። ደብረ ሊባኖስ አለ። ድውይ ከሩቅ አገር በሰው ትከሻ ተደግፎ ይመጣል። ሌሊት ተነሥተን፣ እህል ውኃ ሳንቀምስ፣ ጫማችንን አውልቀን ወደ ጠበሉ እንወርዳለን። ደግ አድርገናል። ሰልፉን ግን አይታችሁታል? ጉልበት ያለው ይገፋል። ጀሪካን የያዘው በክራንች የቆመውን አልፎ ይቀዳል። ደካማ እናቶች «እባካችሁ ልጆቼ» እያሉ ዳር ይቀራሉ። አፋችን ጸሎት እያደረሰ ክርናችን የወንድማችንን ደረት ይገፋል። መፃጉዕ «ሌላው» ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ እዚያ ሰልፍ ላይ ይታያል።

ከመጋፋቱ የሚብሰው ደግሞ ምላሳችን ነው። የታመመ ሰው ስናይ መጀመሪያ የምንለው «ምን በድሎ ይሆን?» ነው። ልጇ የሚጥል በሽታ ያለበትን አንዲት እናት «ንስሐ ግቢ፣ ያንቺ ጣጣ ነው ልጁ ላይ የወጣው» ብለዋት ከዚያ ወዲህ ጠበል መምጣት ተወች። በማን ሒሳብ ይጻፋል ይህ? ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዕውሩ «ይህ ሰው ወይስ ወላጆቹ ዕውር ሆኖ እንዲወለድ ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታችን እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ መለሰላቸው። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ተጽፏል። ተጽፎ ሳለ ዛሬም ያንኑ እንጠይቃለን።

የገዛ አገራችንን ጻድቅ አስቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት እዚሁ ቡልጋ፣ ኢቲሳ ነው። ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው እንደ ተሰበረና 7 ዓመት በአንድ እግራቸው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይነግረናል። ሥዕላቸው በየቤታችን አለ፤ የተሰበረችው እግርም እዚያው ሥዕሉ ላይ አለች፤ እንሳለማታለን። ከዚያ ወጥተን ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ እግር የሌለውን ነዳይ ስናይ «የእጁን አግኝቶ ነው» እንላለን። እንዴት ነው ይህ ነገር? እርግጥ የጻድቁ የተጋድሎ ነው፤ የነዳዩ ሌላ ነው። ግን የጎደለ አካል አይቶ ኃጢአትን መፈለግ እንደማይገባ ከእኛ ከሸዋ ሰዎች በላይ ማን ሊያውቅ ይገባ ነበር?

«ጌታ ራሱ መፃጉዕን ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ ብሎት የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ብሎታል። መቼ አለው? ከፈወሰው በኋላ፣ በመቅደስ ሲያገኘው። መጀመሪያ የጠየቀው መዳን መውደዱን ነው። እኛ ተግሣጹን እናስቀድምና እጃችንን እናስከትላለን፤ ብዙ ጊዜም እጃችን ሳይመጣ ይቀራል። ደግሞ አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን፣ በዕለተ ዓርብ ጌታችንን በጥፊ የመታው ይኸው መፃጉዕ ነው። ጌታ ያንን እጅ እያወቀ ፈወሰው። እኛ አንድ ዳቦ ለመስጠት የሰውየውን ጠባይ ስንመረምር እንውላለን።

አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። በየጠበሉ ቦታ «ኪኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነው» የሚሉ አሉ። ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ይገድላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጠበል ተጀመረ ተብሎ አይቋረጥም። ጠበሉን ጠጡ፤ ኪኒኑንም በሰዓቱ ዋጡ።

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ ልመለስ። የቀሩትስ? ወንጌላዊው አልጻፈልንም። ያልተጻፈውን ፈጥሬ ላጽናናት አልፈልግም። የዚያን ዕለት ምስባክ፣ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመውን የመዝሙር ቃል፣ ግን አስታውሱ። ዲያቆኑ የሰበከው ከመዝሙር 40 ነው። «እግዚአብሔር በደዌው አልጋ ሳለ ይረዳዋል፤ መኝታውን ሁሉ በበሽታው ጊዜ ያነጥፍለታል።» አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከመፃጉዕ ወንጌል ጋር ማገናኘታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወንጌሉ አልጋውን ተሸክሞ ስለ ሄደው ሰው ይናገራል። ምስባኩ አልጋው ላይ ስላለው ሰው ይናገራል። በአንድ ቅዳሴ፣ ለተነሣውም ገና ላልተነሣውም። ሰማይን የዘረጋው ጌታ ጎንበስ ብሎ የበሽተኛ መኝታ ያነጥፋል! ይህንን መዝሙር ያነበበ ሰው «እግዚአብሔር አባቴን ረሳቸው» ከማለት በፊት የተነጠፈውን መኝታ ይመልከት።

ማን አነጠፈው? እኅቴ ሆይ፣ በየሁለት ሰዓቱ አባትሽን ስታገላብጪ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ስትጠብቂ፣ የረጠበ አንሶላ ስትቀይሪ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ በእኩለ ሌሊት ተነሥተሽ ባና ስትደርቢላቸው፣ እግዚአብሔር ያንን መኝታ የሚያነጥፈው በአንቺ እጅ ነው። ያው መዝሙር ሲጀምር ለድሀና ለምስኪን የሚያስበውን ሰው ያመሰግናል፤ ስለ አንቺ ነው የሚናገረው። አባትሽ «ሰው የለኝም» አይሉም። አንዳንድ እሑድ እሳቸውን ትተሽ መውጣት አቅቶሽ ስትቀሪ ማንም «ሰነፈች» አይበልሽ።

እኛስ? ስንቶቻችን ቤቷ ሄደናል? አንድ ሌሊት «አንቺ ተኚ፣ ዛሬ እኛ እንጠብቃለን» ያላት አለ? ጥያቄዋን ለጌታ አቀረበች፤ በመልሱ ውስጥ ግን የኛ ድርሻ ነበረበት፤ ያንን አልሰጠናትም። ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ስላሉት ወገኖቻችንም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ከወለጋ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ብርድ ልብስና ዱቄት ይዘን ተሯሯጥን። ዓመት ዓመትን ሲተካ መንገዱን ረሳነው። እነሱ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ልጆችም እዚያው እየተወለዱ ነው።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ተነጋግረን ለእኅታችን ተራ አውጥተናል። ወንዶቹ ለማገላበጥ ጉልበት አላቸው፤ እናቶች አጥሚት አፍልተው ይመጣሉ። በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም። ጽዋ ማኅበራችሁ ላይ «ማን ቤት ሰው ተኝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። የፊታችን እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ እሑድ ሳይደርስ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።