ካልኩለስ፣ ሙቀትና የዱር እንስሳት፦ የምንስታቸው ነገሮች

ካልኩለስ፣ ማለትም የለውጥና የድምር ሒሳብ፣ ስማር ምሳሌው ሁሌ መኪና ነበር። መኪናዋ በዚህ ፍጥነት ትሄዳለች፣ ፍጥነቷ እንዲህ ይጨምራል፣ ርቀቱን አስላ። ፈተናው አለፈ፣ ካልኩለሱም አብሮ ተረሳ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስናወራ የምንሳሳተው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው የተረሳው ትምህርት ላይ ነው። መጠንን ከፍጥነት፣ ፍጥነትን ከድምር እናምታታለን።

«ልቀት ከቀነሰ አየር ላይ ያለው ካርቦንም ይቀንሳል»

ወዲያው አይቀንስም። ልቀት፣ ማለትም ወደ አየር የምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ፍጥነት ነው፤ በዓመት ይህን ያህል ቶን እየተባለ ይቆጠራል። አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ባሕርና ዕፅዋት ከወሰዱት የተረፈው ድምር ነው፤ ማለትም ኢንቴግራል። በርሜል ላይ የተከፈተን ቧንቧ ትንሽ ብናጠበው ውሃው ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ አይጎድልም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በኮቪድ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ልቀት ከ5 በመቶ በላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ሃዋይ ላይ ያለው የማውና ሎዋ ጣቢያ የለካው ካርቦን ግን መጨመሩን ቀጠለ። ጣቢያው መለካት ሲጀምር፣ በ1958፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። በ2023 አማካዩ 421 ደረሰ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ቁጥር ነው። በ1960ዎቹ ጭማሪው በዓመት 1 እንኳ አይሞላም ነበር፤ አሁን ከ2 በላይ ነው። ፍጥነቱ ራሱ ፈጥኗል። የለውጥ ፍጥነት በካልኩለስ ዴሪቬቲቭ ይባላል፤ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ የሚባለው ደግሞ ይኸው የፍጥነቱ ለውጥ ነው።

«አንድ ዲግሪ ምን ያመጣል?»

ለስንት ጊዜ? ኮራልን፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ድንጋይ መሳይ ቅርፅ እየሠራ የሚኖረውን እንስሳ፣ የሚጎዳው የሙቀቱ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ቆይታውም ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። የባሕሩ ሙቀት ከቦታው በጣም ሞቃታማ ወር አማካይ ቢያንስ በ1 ዲግሪ የበለጠባቸውን ሳምንታት ይወስዱና ብልጫውን በ12 ሳምንት ውስጥ ይደምሩታል። ድምሩ 4 ሲደርስ ኮራሉ የመንጣት አደጋ አለበት፤ 8 ሲደርስ ሞትም ይጠበቃል።

ሁለት ቦታ እናስብ። አንደኛው ለ2 ሳምንት በ2 ዲግሪ ሞቀ፤ ድምሩ 4። ሌላኛው ለ8 ሳምንት በ1 ዲግሪ ብቻ ሞቀ፤ ድምሩ 8። ቴርሞሜትሩን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያው ባሰ ይላል። የባሰው ግን ሁለተኛው ነው። ከግራፉ በታች ያለውን ስፋት ፈልጉ እየተባልን የተሰቃየንበት ጥያቄ እዚህ ላይ የኮራል ሞትና ሕይወት ሆኖ ቁጭ አለ።

«እንስሳት ሙቀት ሲበዛባቸው ወደሚቀዘቅዝ ቦታ ይሄዳሉ»

አንዳንዶቹ በእርግጥ እየሄዱ ነው። ጥያቄው በምን ያህል ፍጥነት መሄድ አለባቸው የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሙቀት በጊዜ የሚለወጥበትን ፍጥነት፣ በቦታ ለሚለወጥበት መጠን ማካፈል። ሙቀት በዓመት 0.02 ዲግሪ ይጨምራል እንበል። ተራራ ላይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስናካፍለው እንስሳው የለመደውን ሙቀት ላለማጣት በዓመት 3 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይበቃዋል። አሁን ሜዳ ላይ እናድርገው፤ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 0.7 ዲግሪ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሜዳ ይሁን። ውጤቱ በዓመት 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ይቻላል! ለወፍ ምንም ላይሆን ይችላል። ለቀንድ አውጣስ?

ታዲያ ተራራው ገላገለን? እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ተራራን እንደ ሾጣጣ ክምር ብናየው፣ ግማሽ ከፍታው ላይ ስንደርስ ከበላያችን የሚቀረው መሬት ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው። ከጫፉ በላይ ደግሞ መውጫ የለም።

«ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነ አያሰጋም»

ቁጥር የዛሬን ያሳያል፤ ዴሪቬቲቩ ደግሞ ወዴት እየሄደ እንደሆነ። የባሕር ኤሊን እንውሰድ። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጫጩት ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። በ29 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። የሴቶቹን ድርሻ የሚያሳየው የግራፍ መስመር ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚወጣው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ጭማሪ ሚዛኑን ይገለብጠዋል። በ2018 የወጣ ጥናት ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከሚባለው የአውስትራሊያ የኮራል አካባቢ ሰሜናዊ ክፍል ከመጡት ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች 99 በመቶ ገደማዎቹ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል።

እነዚህ ኤሊዎች ለመራባት እስኪደርሱ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅባቸው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ባሕር ዳርቻው ላይ እንቁላል ልትጥል የወጣችውን ኤሊ የሚቆጥር ሰው፣ የሚቆጥረው ከብዙ ዓመት በፊት የነበረውን አሸዋ ነው። ያኔ ቀዝቀዝ ይል የነበረውን።