ሳነቴ ላይ መኪና ውስጥ ለማደር ለምታስቡ

የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ይነቀላል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ የጋዝ ምድጃና ጀሪካን ይጫናል፣ ከዚያ ጉዞ ወደ ባሌ። ይህን የሚያስቡ ጓደኞቼ እየበዙ ነው፤ በጣም ደስ ይለኛል። እኔም ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። መንገዱ ከጎባ ተነስቶ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሐረና ደን ወደ ደሎ መና ይወርዳል። ግን ሰው ሲዘጋጅ የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ያስፈሩኛል።

«በጋ ነው፣ አይበርድም»

ሳነቴ ላይ ተቃራኒው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርለት ደመና የለም። ቀን በቲሸርት ትሄዳላችሁ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። መጀመሪያ ያደርን ጊዜ፣ ጠዋት የመስኮቱ የውስጥ ገጽ በራሳችን ትንፋሽ በረዶ ሠርቶ ነበር። በጥፍሬ ስፍቀው ነጭ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። የጀሪካኑም አፍ ላይ ስስ በረዶ ነበር።

«ከሰሉ ጭሱን ከጨረሰ ችግር የለውም»

እባካችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ብርዱ ሲጠና «ፍሙ ከጠራ በኋላ ማንደጃውን እናስገባው፣ መስኮት ትንሽ እንከፍታለን» የሚል አይጠፋም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ፍሙ ቀይ ሆኖ፣ አንዳች ጭስ ሳይታይበት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቅና ቦታውን ይይዝበታል። ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፣ ከዚያ አይነቃም። አንድ ጣት የተከፈተ መስኮት አያድንም። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ሻይ አፍሉበት፣ ግን ውጭ፣ ለማሞቂያ ግን በፍጹም።

ተራራ ላይ ደግሞ አንድ የከፋ ነገር አለ። የመመረዙ ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። የከፍታ ሕመምም ምልክቱ ይኸው ነው። ስለዚህ «ከፍታው ነው፣ ተኛበት ይለቅሃል» ይባላል። ማንደጃው መኪናው ውስጥ ካለ፣ ጥያቄ ሳታበዙ በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ።

ታዲያ በምን እንሙቅ? ብርዱ በአብዛኛው ከሥር ነው የሚመጣው። ከፍራሹ ሥር ወፍራም ካርቶን አንጥፉ፣ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርዱ፣ ሁለት ጋቢ ደርቡ። የብረት ኮዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። እኔን እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አሙቆኛል።

«የአዲስ አበባ ልጅን ከፍታ አይነካውም»

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ሳነቴ 4,000 ያልፋል፣ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በዚያው ሌሊት አምባው ላይ መተኛት ስህተት ነው። መጀመሪያ ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ። በነጋታው አምባውን ቀን ላይ እዩት፣ ማታ ወደ ሐረና ወርዳችሁ ተኙ። ሳነቴ ላይ ለማደር የቆረጠ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ታች ይለማመድ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

መኪናውም ይደክማል። አየሩ ስስ ስለሆነ አሮጌ ናፍታ ሞተር ጥቁር ጭስ ሊተፋ፣ ጉልበቱም ሊቀንስ ይችላል። ሞተሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ማርሽ ቀንሳችሁ በቀስታ ውጡ።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል»

ከሳነቴ ወደ ሐረና ሲወረድ መንገዱ በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። እዚያ ላይ ፎሌ ማድረግ፣ ማለትም ማርሹን ነፃ አውጥቶ መውረድ፣ መኪናውን በፍሬን ብቻ መያዝ ነው። ፍሬኑ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። የቆየ የፍሬን ዘይት ካለበት ደግሞ ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውም ልክ አይደለም። አዲሶቹ ኢንጀክሽን ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ፣ ነዳጅ ፔዳል ካልተረገጠ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ይዘጋሉ። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት።

ቁልቁለቱ ላይ ያለችው ሪራ መንደር ስንደርስ የፊት ጎማችን የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። እጄን አስጠግቼ ሙቀቱን ሳልነካው ተሰማኝ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ሊያፈስበት ሲል ሾፌራችን ጋሼ እጁን ያዙት። «ተው ልጄ፣ ዲስኩ ይጣመማል። ራሱ ይቀዝቅዝ።» ግማሽ ሰዓት ቆመን ቡና አፈላን። ከዚያ በኋላ በ2ኛ ማርሽ ነው የወረድነው።

«ላንድክሩዘር ከሌለህ አትሞክረው»

በበጋ አይሱዙም አውቶቡስም ያልፍበታል። ጥሩ ጎማና ትዕግሥት ይበቃል። ዝናብ ከጣለ ግን የሐረና ጭቃ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ፎርዊልም ቢሆን ጠብቁ።

«እሳቱን ብናበዛው ክኩ ቶሎ ይበስላል»

4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሽሮ ያዙ፣ ወይም ፕሬዠር ኩከር።

«ለቀበሮው ፍርፋሪ ብንጥልለት ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው፣ የእኛ እንጀራ አያስፈልገውም። ፍርፋሪው ውሾችን ይጠራል፤ ቀበሮውን በጅምላ የሚጨርሰው ደግሞ ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻችሁንም ቤት ተዉት።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱን ጠርጌ ሳይ አንድ ቀበሮ ከጅብራው ሥር ቆሞ ነበር። ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ ፍልፈል ያዳምጣል። ለሃያ ደቂቃ ያህል በሩን አልከፈትንም።