ዘይት የተቀባ ወይስ የወረቀት የአየር ማጣሪያ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ቀይ የጥጥ የአየር ማጣሪያ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ትልቅ ስም አለው። ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ተመልሶ ይገባል። በየመለዋወጫ ሱቁ የሚሸጠው የወረቀት ማጣሪያ ደግሞ አንድ ወቅት አገልግሎ የሚጣል ተራ ዕቃ ተደርጎ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን ሞተር ማቆየት የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኗል። ስለዚህ በሁለቱ ዙሪያ የሚነገረውን መፈተሽ ይገባል።

«ዘይት አቧራን ስለሚይዝ ዘይት የተቀባው የተሻለ ያጣራል»

አቧራ ዘይት ላይ መጣበቁ እውነት ነው። ችግሩ ከዘይቱ በፊት የጨርቁ ነው። የጥጡ ማጣሪያ በሽቦ መረብ መካከል የተነጠፉ ጥቂት የሳሳ ጥጥ ንብርብሮች ናቸው፤ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ነው ዘይት ያስፈለገው። የወረቀቱ ማጣሪያ ግን ክሮቹ እጅግ የጠበቁ ስለሆኑ ዘይት አያሻውም፤ አየሩ እንዳይታፈንም ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ስፋቱ እንዲጨምር ተደርጓል።

የአየር ማጣሪያዎች የሚፈተሹበት አይ ኤስ ኦ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ጥሩ የወረቀት ማጣሪያ ከሚደርስበት አቧራ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ዘይት የተቀባው ጥጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል። 97 በመቶ ይይዛል ብንል ልዩነቱ ሁለት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩን የሚጎዳው የተያዘው አቧራ አይደለም፤ ያለፈው ነው። አንደኛው ከመቶ አንድ እጅ ሲያሳልፍ ሌላው ሦስት እጅ ያሳልፋል፤ ይህ ሦስት እጥፍ ነው።

ሦስት እጥፍ የስንት? አንድ ሊትር ቤንዚን ለመቃጠል 11 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ወደ 12 ሺህ ሊትር አየር ነው። ለአንድ ሊትር! በበጋ ከኮረት መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተከትሎ የሚሄድ ሰው የዚያ አየር ይዘት ምን እንደሆነ በመስታወቱ ላይ ያየዋል። በውስጡ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል፤ በጥቂት ማይክሮን የሚለካው ደቃቁ ደግሞ በፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን በከበበው የብረት ቀለበት) እና በሲሊንደር መካከል ባለው ስስ የዘይት ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ይፍቃል። ውጤቱ ወዲያው አይታይም። ከዓመታት በኋላ መኪናው «ዘይት በላ» ይባላል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥፋቱም በሞተር ዘይቱ ላይ ይላከካል።

«ዘይት ያለው ማጣሪያ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው»

አሮጌዋን ቮልስዋገን የነዳ ሰው በዚህ ይስቃል። የእርሷ ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት የተሞላ ጎድጓዳ ብረት ነበር፤ አየሩ ዘይቱን ገጭቶ ሲመለስ አቧራውን እዚያ ይጥላል። የቀድሞ ትራክተሮችም እንዲሁ ነበሩ። አምራቾች ይህን ትተው ወደ ወረቀት የሄዱት ወረቀቱ የተሻለ ስለሚያጣራ እና ለጥገና ስለሚቀል ነው። የዛሬው ቀይ ጥጥ የመጣው በሌላ በር፣ ከውድድር ሜዳ ነው። ስመ ጥሩው የቀይ ጥጥ ማጣሪያ አምራች ኬ ኤንድ ኤን በ1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ከሞተር ሳይክል ውድድር ዓለም ነው። የውድድር ሞተር በየጊዜው ተፈቶ ይታደሳል፤ ትንሽ ጉልበት ለማግኘት ትንሽ መፋቅ ቢከፍል አይጎዳውም። የቤተሰብ ኮሮላ ሒሳብ ግን ሌላ ነው።

«የበለጠ አየር ያስገባል፤ ጉልበት ይጨምራል»

ግማሽ እውነት አለው። ጥጡ አየርን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ጥቂት የፈረስ ጉልበት ሊገኝ ይችላል። በከተማ ውስጥ ግን ፔዳሉ በከፊል ብቻ ነው የሚረገጠው፤ ያን ጊዜ የቤንዚን ሞተርን አየር የሚገድበው ትሮትል የሚባለው በር ነው፣ ማጣሪያው አይደለም። በሩ በከፊል ተዘግቶ እያለ ማጣሪያውን ማስፋት ለውጥ አያመጣም።

አዲስ አበባ ላይ መኪና ይደክማል የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ይህን ግን ማንኛውም ማጣሪያ አይመልሰውም። ዋናውን ሳጥን አስወልቀው ሾጣጣ ማጣሪያ በግልጥ የሚያስገጥሙም አሉ። ድምፁ ይጎላል፤ ጆሮ ደግሞ ድምፅን እንደ ጉልበት ይቆጥራል። ሞተሩ ግን ከቦኔት ሥር የጋለ አየር እየሳበ ነው፤ የጋለ አየር ስስ ስለሆነ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«የታፈነ ማጣሪያ ቤንዚን ያስበላል»

ለካርቡሬተር መኪና እውነት ነው። ለዘመናዊ ኢንጀክሽን መኪና ግን በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የታፈነ ማጣሪያ የነዳጅ ፍጆታን ይህን ያህል እንዳልለወጠ፣ የቀነሰው የመፍጠን አቅምን እንደሆነ አሳይቷል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናልና። ስለዚህ «ነዳጅ ይቆጥባል» ተብሎ ውድ ማጣሪያ ሲሸጥ ገንዘብን ኪስ ውስጥ ማቆየት ይሻላል።

«ወረቀቱን በኮምፕሬሰር ማስነፋት እንደ አዲስ ያደርገዋል»

ጎሚስታ ቤት ይህን በየቀኑ ማየት ይቻላል። ልጁ የአየር ቱቦውን አፍ ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ ይለቀዋል፣ አቧራው ቡን ይላል፣ ባለቤቱ ይደሰታል። ለጎማ የተዘጋጀ ግፊት ግን ክሮቹን ይበጥሳል፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይከፍታል። አንዳንድ የመኪና መመሪያዎች ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ ተደርጎ፣ በለዘብታ መንፋትን ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ ባለፈ ማስነፋቱ ጥገና መሆኑ ይቀርና ጉዳት ይሆናል። ሌላም ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ወረቀት ጥቂት አቧራ ከያዘ በኋላ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፤ የተያዘው ብናኝ ራሱ ቀዳዳዎቹን ያጠባልና። በየሳምንቱ መንፋት ይህን ጥቅም ያጠፋል።

«ለፀሐይ ሲያዝ ብርሃን ካሳለፈ ደህና ነው»

የተቀደደ ወረቀትም ብርሃን ያሳልፋል። ጥጡም አዲስ እያለ ነጠብጣብ ብርሃን ያሳያል። መጥቆሩም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የከተማ ናፍጣ ጭስ ወረቀቱን በአጭር ጊዜ ያጠቁረዋል።

«ዋናው ነገር የማጣሪያው ዓይነት ነው»

ከዓይነቱ በፊት አገጣጠሙ ይምጣ። የሳጥኑ ክሊፕ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ የደረቀ፣ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ማጣሪያ ተገፍቶ የገባበት፣ ከሳጥኑ ወደ ሞተር የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተጠቀለለበት መኪና ስንት ነው! በዚያ ስንጥቅ የሚገባው አየር ጭራሽ አይጣራም። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማጣሪያው ይውጣና ከማጣሪያው በኋላ ያለው የሳጥኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ እዚያ አካባቢ ያለው የአየሩን መጠን የሚለካው ሴንሰር ግን አይነካ። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ከወጣ አቧራው በሆነ መንገድ እያለፈ ነው፤ የጠርዙ ጎማ ላይ የአቧራ ጭረት ካለም መንገዱ እዚያው ተገኘ።

«ታጥቦ ስለሚመለስ ርካሽ ነው»

ዋጋው ከወረቀቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ የራሱ ማጠቢያ እና ዘይት ካልተገኘለት ደግሞ ትርፉ ይጠፋል። በቤንዚን ማጠብ፣ በኮምፕሬሰር ማድረቅ፣ የተረፈ የሞተር ዘይት መቀባት ሁሉም ማጣሪያውን ያበላሻል። በለዘብተኛ ውኃ ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው ታጥቦ፣ በጥላ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ለእርሱ የተሠራው ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ዘይቱ በጥጡ ውስጥ እኩል እስኪሠርግም ሳይገጠም ይቆያል።

ዘይት ከበዛ የሚጎዳው የአየሩን መጠን የሚለካው ሴንሰር ነው። በውስጡ ያለው የጋለ ቀጭን ሽቦ ዘይት ሲነካው የተሳሳተ መጠን ይነግራል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ወይም የማስጠንቀቂያው መብራት ይበራል። ማጣሪያው ዘይት ከተቀባ ሰሞን መብራቱ ከበራ ሴንሰሩን ከመቀየር በፊት ለእርሱ በተሠራ ስፕሬይ፣ ሽቦው በእጅም በጨርቅም ሳይነካ፣ ማጽዳት ይበቃ ይሆናል።